ዱዓ የተደረገበት ፊልም

ሃርድ ዲስኩ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ አንዴ ተንቀጠቀጠና ማፏጨት ጀመረ።

«ነፍስ አለው!» አለች ኢማን፣ ጆሮዋን ወደ ብረቱ አስጠግታ። የቆየ ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ማዳመጥን ያስተማራት ወንድሟ ኸይረዲን ነው። እኩል ካፏጨ ጤነኛ ነው፤ ቋ ቋ ቋ ካለ ግን ሞቷል፣ «ፋቲሃ ይቀራለት» ይላል ኸይረዲን፣ ባለንብረቱ ፊት ሳይቀር። ይሄኛው እኩል ነበር የሚያፏጨው።

ሌላ ቀን ቢሆን ጓደኛዋ ሙና በዚህ ትስቅ ነበር። ዘጠነኛ «ለ» ክፍል ውስጥ በሳቅ የሚስተካከላት የለም፤ መምህር «ተነሺ፣ ውጪ» የሚላት ሁልጊዜ በሳቅ ምክንያት ነው። ዛሬ ግን በሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሻሿን ጫፍ ታፍተለትላለች።

«ይገኛል?» አለች።

«ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ይገኛል። ቆይ እስኪ፣ አትጨቅጭቂኝ።»

የኸይረዲን ኮምፒውተር ቤት ከሚሴን መሀል ለመሀል በሚያቋርጠው አስፋልት ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ማመልከቻ ይጻፍባታል፣ ፎቶ ኮፒ ይነሳባታል፣ ስልክ ላይ መንዙማ ይጫንባታል። ኸይረዲን ቶነር ሊያመጣ ጠዋት ደሴ ሄዷል። ኢማን የምትማረው በጠዋቱ ፈረቃ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሱቁ የእሷ ነው። ቁልፉን ሲሰጣት «የማታውቂውን አትንኪ» ብሏት ነበር። ጠፋ የተባለ ፋይል ማውጣት ግን ከእሱ ይልቅ እሷ ትችልበታለች፤ አፍ አውጥቶ ባይናገረውም ራሱም ያውቀዋል።

ዲስኩን በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታ የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ፕሮግራም አስነሳች። አረንጓዴዋ መስመር ቀስ ብላ መሄድ ጀመረች። ከጣሪያው ሥር ማራገቢያው እየተንጓጓ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያዞረዋል።

ሙና ነገሩን ያነሳችባት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ነበር። እናቷ እትዬ አሻ ዓብዱን ሲጨፍር ማየት አምሯታል። ፎቶ አላት፤ ፎቶ ግን አይንቀሳቀስም። «ድምፁን እየረሳሁት ነው እያለች ስታለቅስ አደረች» ነበር ያለቻት። ዓብዱ የሙና ታላቅ ወንድም ነው። ኢማንን «ኢንጅነሯ» ብሎ የሚጠራት በከሚሴ እሱ ብቻ ነበር፤ ያኔ የተበላሸ ሬዲዮ ከመፈታታት ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበረም። እሱ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ብሎ የጠራት የለም። ስለዚህ ኢማን ብዙም አላንገራገረችም።

ዓብዱ የሞተው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ የጨፋ ሸለቆ ውስጥ ሠርግ ላይ። ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ እንደ ወጉ ተኩስ ተተኮሰ፤ ሲቆም ዓብዱ መሬት ላይ ነበር። የማን ጥይት እንደሆነ አልታወቀም። መርማሪ መጥቶ ጠይቆ ነበር፤ ሁሉም «ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም።

በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ደም የሚያደርቁት አበጋሮች ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም በዕርቅ ሥራ ያለፉ፣ ሁለቱም ወገን ቃላቸውን የሚሰማቸው ሽማግሌዎች። የዚያን ጊዜው አበጋር ሼህ ሙሳ ነበሩ። ተኳሹ ካልታወቀ ደሙን የደገሰው ቤት ያንሳው አሉ። የሙሽራው ቤተሰብ ሳያንገራግር ተቀበለ። የሙሽራው ታናሽ ወንድም ሙሀመድኑር ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጥቶ እትዬ አሻ እግር ሥር ወደቀ። እትዬ አሻም ድንጋዩን በእጇ አንስታ «አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ» አለችው። ኢማን ያን ቀን ከሰው መሀል ቆማ አይታለች። ድንጋዩ ከብዶት የአንገቱ ደም ሥር እንዴት እንደተገተረ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ከዚያ በኋላ የቀረው ፊልሙ ነበር። ሠርጉን የቀረጸው ፎቶ አንሺው ይበልጣል ነው። ሼህ ሙሳና ሁለት ሽማግሌዎች ፎቶ ቤቱን ዘግተው ፊልሙን ለብቻቸው አዩት። ሲወጡ ፊታቸው አላምር ስላለ ማንም ደፍሮ አልጠየቃቸውም። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ምስክር አስገቡና «ይህም ከሟቹ ጋር ይቀበር» አሉ። ይበልጣል ፊልሙን ዲሊት አደረገው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ምስክሮቹ አሚን አሉ፤ ይበልጣልም ክርስቲያን ቢሆን አብሮ አሚን አለ። ከዚያ ወዲህ ያን ፊልም የፈለገ ሰው ዕርቁን እንዳፈረሰ ይቆጠራል ተባለ።

ሽማግሌዎቹ ያላወቁት፣ ይበልጣልም ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። ኮምፒውተር ዲሊት ሲሉት አይቀብርም። የሚፍቀው በሩ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ ነው፤ ፋይሉ ሌላ ተከራይ መጥቶ እስኪያስወጣው ድረስ እቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቀራል። እዚህ ቤት ደግሞ ሌላ ተከራይ አልገባም። በዚያው ሰሞን መብራት ሄዶ ሲመጣ የይበልጣልን ኮምፒውተር አቃጠለበት፤ እሱም ተናዶ ሲፒዩውን አከራዩ ጓሮ ጥሎት ኮምቦልቻ ገባ።

«ዱዓ ተደርጎበታል እኮ» ብላ ነበር ኢማን መጀመሪያ፣ ሙና ሲፒዩውን በማዳበሪያ ጠቅልላ ስታመጣው።

«ዱዓው የተደረገው ፊልሙን ለጠብ ለሚፈልግ ነው፤ ለእናት ናፍቆት መቼ ሆነና!» አላት ሙና። ኢማን ብሎን መፍቻውን አነሳች።

አሁን አረንጓዴዋ መስመር ከግማሽ አልፋለች። አንድ ገበሬ ስልኩን ይዞ ገባና መንዙማ እንድትጭንለት ጠየቃት። «አባባ፣ ዛሬ ኮምፒውተሩ ታሟል፣ ነገ» አለችው። «አላህ ያሽረው» ብሎ ወጣ። ሙና በዚህም አልሳቀችም።

«ኢማን፣ ፊልሙን ማጉላት ይቻላል?» አለች ይልቁንስ።

«እንዴት ማጉላት?»

«የሰው ፊት እንዲለይ። ከኋላ ያሉት ሰዎች ፊት። ደግሞ ቀስ እያሉ ማየትስ?»

ኢማን እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። «ዓብዱ ሲጨፍር ለማየት ከኋላ ያሉት ሰዎች ፊት ምን ያደርግልናል?»

 የሙና ዐይን ወደ በሩ ሄደ፤ ኢማንም ተከትላ አየች። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከሻይ ቤቱ ጥግ፣ አንድ ሰማያዊ ባጃጅ ሞተሯን አጥፍታ ቆማለች። መንዙማ ፈላጊው ገበሬ ወደ እሷ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሾፌሩ ሳያየው በእጁ «ሂድ» አለው። በገበያ ዋዜማ ተሳፋሪ የሚመልስ ባጃጅ ኢማን አይታ አታውቅም። ሾፌሩ ዑመር ነበር።

ዑመር የሙና አጎት ልጅ ነው፤ ከዓብዱ ጋር በአንድ መደብ ላይ ተኝተው ነው ያደጉት። ዓብዱ ሲሞት ትምህርቱን ጣለና ባጃጅ እየነዳ እትዬ አሻን መጦር ጀመረ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ኢማንን ዝናብ ሲመታት ካየ በነፃ ያደርሳታል። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ሰላምታም አይመልስም።

«ሲፒዩውን ከይበልጣል አከራይ ለምኜ ነው ያመጣሁት አላልሽኝም?»

«ዑመር ነው የገዛው» አለች ሙና፣ ድምፅዋ እየሳሳ። «እማዬ ምንም አታውቅም። ይቅር በይኝ። ወሏሂ እንዴት እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነው።»

ኢማን ተናደደች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እንዲህ ዐይኗን እያየች እናቷን መዋሻ ታድርጋት! ልትጮህባት አፏን ከፈተች፤ የሙና ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አይታ ዘጋችው።

«ንገሪኝ። አሁን እውነቱን።»

«ሙሀመድኑር ከጅቡቲ ተመልሷል» አለች ሙና። «ዑመር ገዳዩ እሱ ነው ይላል። ባይሆን ድንጋዩን ለምን እሱ ተሸከመ፣ ለምንስ በማግስቱ አገር ጥሎ ጠፋ ይላል። ነገ የጨፋ ሮቢት ገበያ ነው፤ ሙሀመድኑር ከብት ሊገዛ ይወርዳል። ዑመር ክላሽ ከባጃጁ ወንበር ሥር አድርጓል። አየሁት፣ ኢማን፣ በዐይኔ አየሁት።»

ማራገቢያው ይንጓጓል። 

«ለመንኩት» አለች ሙና። «እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። በመጨረሻ ፊልሙ ሌላ ሰው ካሳየኝ ሙሀመድኑርን እተወዋለሁ አለ። እሱን ካሳየኝ ግን… ፊልሙ ካልተገኘ ደግሞ በልቤ ያለውን አደርጋለሁ አለ። እኔ የሙሀመድኑር ንጽሕና እንዲታይ ብዬ ነው የመጣሁት። እውነቱን ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ…»

«እምቢ እል ነበር» አለች ኢማን። አሁን ግን እምቢ ማለት ለማንም እንደማይበጅ ገብቷታል። ወንድሟ ጋ ደወለች፤ የኸይረዲን ስልክ ዝግ ነው። ደሴ ገደል ውስጥ ያለች ይመስል እዚያ በሄደ ቁጥር ስልኩ አይሠራም።

ላፕቶፑ ጥሪ አሰማ። ፍለጋው አልቋል። የፋይሎች ስም ተደረደረ፤ ስማቸው የተቆራረጠ፣ አንዳንዱም በጥያቄ ምልክት የተሞላ። ኢማን የልደት ፎቶዎችንና የመታወቂያ ጉርዶችን እያለፈች ወረደች። ከታች አንድ ትልቅ ፋይል ነበር። ወደ ላፕቶፑ ገለበጠችው። ከፈተችው።

ድምፁ ቀድሞ መጣ፤ እልልታ፣ ጭብጨባ፣ የመኪና ጥሩንባ። ከዚያ አቧራ ታየ፣ ከአቧራው ውስጥም ነጭ ሸሚዝ። ዓብዱ ነበር። ሽመሉን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ይዞ እየዘለለ ወደ ካሜራው መጣ፤ ለይበልጣል ምላሱን አውጥቶበት እየሳቀ ወደ ኋላው ተመለሰ።

«ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜ!» አለች ሙና። እጇን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች፤ ሳትነካው መልሳ አፏን ያዘችበት። ለካስ ሳቋ የእሱ ነው፤ ኢማን ይህን እስከ ዛሬ ልብ አላለችም ነበር። ሙና ተነስታ በጓሮ በር ወጣች። ከውጭ በኩል ግድግዳውን ተደግፋ ስታለቅስ ይሰማ ነበር።

ኢማን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችና ብቻዋን ቀጠለች።

ሙሽራው ከመኪናው ወረደ። ሚዜዎቹ ከበቡት። ክላሽና ምንሽር የያዙ ወንዶች በግራም በቀኝም መተኮስ ጀመሩ፤ አፈሙዛቸው ሁሉ ሽቅብ ነው። ኢማን ሙሀመድኑርን ፈለገችው። ዳስ በር ላይ ነበር፤ በአንድ እጁ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው የእጅ ማስታጠቢያ ሳህን ይዞ እንግዳ ያስታጥባል። ጠመንጃ አልያዘም።  «አልሐምዱሊላህ» አለች ለራሷ።

በዚያው ቅጽበት ሌላውን ወጣት አየችው። ጓደኛው ትከሻ ላይ ተፈናጦ፣ ክላሹን በአንድ እጁ ወደ ላይ ይዞ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ ይስቃል። ጢም አላበቀለም ያኔ። የተሸከመው ጓደኛው አንድ ነገር አደናቀፈው። ጎበጥ አለ። ክላሹ ሽቅብ የነበረው ወደ ታች ዘመም አለና ብልጭ አለ። ዓብዱ ሽመሉን ቀስ አድርጎ መሬት አስነካ፤ የደከመው ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ ተንበረከከ።

ክላሹን የያዘው ልጅ ይህን አላየም። ወደ ሙሽራው ዞሮ ይስቃል። ሰው መጮህ ሲጀምር ነው የዞረው። ከትከሻ ላይ ዘሎ ወረደ፣ ጠመንጃውን ለሆነ ሰው ወረወረ፣ ሰዉን እየገፈተረ ሮጠ፤ ዓብዱ ጋ ከማንም ቀድሞ ደረሰና ራሱን ጭኑ ላይ አደረገ። «ዓብዱዬ፣ ዓብዱዬ» ይላል። «ማነው? ማነው?» እያለ ዙሪያውን ያያል።

ዑመር ነበር።

ኢማን መለሰችው። ቀስ አድርጋ አየችው። አጉልታ አየችው። ሌሎቹ አፈሙዞች ሁሉ ሰማይ ሰማይ ነው የሚያዩት። አንድም የሚያጠራጥር ነገር ባገኝ ብላ ደግማ አየችው፤ አላገኘችም። 

አሁን የሽማግሌዎቹ ፊት ለምን እንዳላማረ ገባት። እነሱ አይተዋል። አይተውም የአንድን ቤት ሁለት ልጆች በአንድ ጥይት ላለመቅበር ሲሉ ደሙን ባልተኮሰው ቤት ላይ ጫኑት፤ ያ ቤትም ተቀበለ። ሙሀመድኑር በዚያ ቀን እጁ ላይ የነበረው ማንቆርቆሪያ ነው፤ ያን ድንጋይ ግን ተሸከመ። እውነቱን ነግረውት ይሆን? ወይስ ዝም ብሎ ታዟል? ኢማን አታውቅም። የምታውቀው ነገ ገበያ ላይ ምን ሊሆን እንደነበር ነው።

ብትሰርዘውስ? አሁን እውነተኛውን አሰራረዝ ታውቃለች፤ ከዚህ በኋላ ማንም እንዳያገኘው ማድረግ ትችላለች። ግን «አልተገኘም» ካለች ዑመር በልቡ ያለውን ያደርጋል። «ሌላ ሰው ነው» ብላ ብትዋሽ፣ ማን ልትል ነው? የምትጠራው ስም ሁሉ የነፍስ ዋጋ አለው። እዚሁ ብታሳየውስ? ኢማን ይህን ስታስብ ነው ከሁሉም የባሰ የፈራችው። ክላሹ ከወንበሩ ሥር ነው። ራሱን ሲያይ ወዴት እንደሚያዞረው ማን ያውቃል።

ማራገቢያው ቆመ። መብራት ሄደ። ክፍሏ በአንዴ ጸጥ ስትል፣ ከውጭ ሰንደል ጫማ ሲንሸራተት ተሰማ።

ኢማን ላፕቶፑን ከደነችው።

«አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ» አለ ዑመር በሩ ላይ ቆሞ። ሰላምታው ከልቡ አልነበረም። ዐይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ይመስላል። ሙናም ድምፁን ሰምታ በጓሮ በር ገባች።

«ነጋ፣ ሰላም» አለች ኢማን።

«ተገኘ?»

ሙና ኢማንን አየቻት። ኢማን ሁለት እጇን ላፕቶፑ ላይ አሳረፈች።

«ተገኝቷል።»

«ክፈቺዋ!»

«አልከፍተውም።»

«ማል ጄቴ? ምን አልሽ?» ሁለት ርምጃ ገባ። ጥላው ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«ሲሰረዝ ምስክር ሆኖ የገባው ማን ነበር ከእናንተ ወገን? አንተ ነህ። እጅህን ዘርግተህ አሚን ብለሃል። ዱዓ ያደረጉት ሼህ ሙሳ ናቸው። እከፍተዋለሁ፣ ወሏሂ አልደብቅህም፤ ግን እሳቸው ፊት ነው።»

ዑመር ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። የብሎን ሳጥኑ ተገለበጠ፤ ብሎኖቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሙና «ዑመር!» ብላ ጮኸች። ኢማን ግን አልተነሳችም።

«ሙሀመድኑር ነው አይደል?» አለ። «ለዚያ ነው የምትፈሪው። ደም ይፈሳል ብለሽ።»

«አይደለም። በነቢ ይዤሃለሁ፣ እመነኝ፤ እሱ ጠመንጃም አልነካ። እንግዳ ሲያስታጥብ ነበር። ማንቆርቆሪያ ነው የያዘው።»

 ዑመር ሦስት ዓመት የያዘውን ነገር ከእጁ የነጠቁት ሰው መሰለ። ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ።

«ታዲያ ማነው?»

«ሼህ ሙሳ ፊት።»

«የማውቀው ሰው ነው?»

ኢማን መዋሸት አማራት። እንዲህ አምሯት አያውቅም።

«አዎ» አለች።

ይህን ሲሰማ የዑመር ትከሻ ወረደ። ኢማን ጎንበስ ብላ የተበተኑትን ብሎኖች መልቀም ጀመረች። ከአስፋልቱ አንድ የጭነት መኪና ወደ ደሴ እያጓራ አለፈ።

«ይሁን» አለ በመጨረሻ። «እሳቸው ቤት እንሂድ። አሁኑኑ። እኔ እወስዳችኋለሁ።»

«አንድ ነገር አለ» አለች ኢማን። «ከወንበሩ ሥር ያለው እዚህ ይቀራል።»

ዑመር ወደ ሙና ዞረ። ሙና አንገቷን ደፋች፤ ግን አላፈገፈገችም። ይቆጣል ብለው ሲጠብቁ ወደ ባጃጇ ወጣ። በማዳበሪያ የተጠቀለለውን ረጅም ነገር እንደ ሕፃን ታቅፎ ተመለሰ። ኢማን የኸይረዲንን የብረት ሳጥን ከፈተች፤ ዑመር ራሱ አስቀመጠው፤ እሷ ቆለፈችና ቁልፉን ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው። ኸይረዲን ከደሴ ሲመለስ ምን እንደሚላት ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም።

ላፕቶፑን ደብተር ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። ሃርድ ዲስኩንም ነቀለች፤ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ሱቁን ቆልፈው ወጡ።

ሼህ ሙሳ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ቦርከና በሚወስደው መንገድ ነው። ባጃጇ የጫት መሸጫዎቹን፣ የእህል በረንዳውን አልፋ ወደ ጥርጊያው መንገድ ታጠፈች። በግራም በቀኝም ማሽላው እሸት ይዟል። ለነገው ገበያ ከብት የሚነዱ ሰዎች መንገዱን ይዘውታል፤ ዑመር ጥሩንባ ሳይነፋ በትዕግሥት ይጠብቃቸዋል። አንዱን ሽማግሌ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው፤ መረቁት። ከሳምንት ወዲህ ሰው ሰላም ሲል ያን ጊዜ ገና ማየቷ ነው ኢማን።

ሁለቱ ልጆች ከኋላ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ኢማን ሙናን ገና ይቅር አላለቻትም፤ እጇን ግን ይዛታለች።

«ኢማን» አለ ዑመር፣ ፊቱን ሳያዞር። «ያ ሰውዬ ሆነ ብሎ ነው ወይስ ሳያውቅ?»

«ሳያውቅ» አለች ኢማን። «ምንም ሳያውቅ። እስከ ዛሬም አያውቅም።»

ዑመር ራሱን ነቀነቀ። ጥቂት ነዳ።

«እስከ ዛሬ?» አለ። «አይ አላህ። እሱም ያሳዝናል ለካ።»

ሙና ወደ ኢማን ጆሮ ተጠጋች። «ማነው?» አለች፣ በሹክሹክታ።   ኢማን ዐይኗን ከፊት ለፊቷ ካለው ጀርባ ላይ ማንሳት አቃታት፤ በላብ ከረጠበው ሸሚዝ፣ እትዬ አሻ በእጇ ከጣፈችው ኮሌታ። ሙና ዐይኗን ተከትላ አየች። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ እጇ በኢማን እጅ ውስጥ ደርቆ ቀረ።

 ጎንበስ ብላ ቦርሳውን ከኢማን ጉልበት ላይ ወሰደችና የራሷ ጭን ላይ አድርጋ በሁለት እጇ አቀፈችው።

ከፊት፣ ከግራሮቹ ሥር፣ የሼህ ሙሳ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ መታየት ጀመረ። በሩ ላይ አንድ ነጭ የለበሰ ሰው ቆሟል፤ የሚመጣውን ባጃጅ ለማየት እጁን ከግንባሩ በላይ አድርጓል።

ኢማን ወደ ፊት ተጠጋችና የዑመርን ትከሻ ነካች።

«ዑመር፣ ቀስ ብለህ ንዳ።»

«ደረስን እኮ። መንገዱም ደህና ነው።»

«ይሁን፣ አንተዬ። ቀስ ብለህ ንዳ።»

ዑመር ምክንያቱን አልጠየቃትም። ፍጥነቱን ቀነሰላት።